የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የስቶን ሮዝስ ሁለተኛ አልበም ለምን ወጣ ገባ ሆነ?

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ የማንቸስተሩ የሮክ ባንድ ስቶን ሮዝስ በ1989 ስላወጣው የመጀመሪያ አልበም አጭር መልስ ሰጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ግን ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በታኅሣሥ 1994 የወጣውን ሁለተኛውን አልበም፣ «ሰከንድ ካሚንግ»ን («ዳግም ምጽአት») ነው። አንዳንዶቹ ቅር ተሰኝተው፣ አንዳንዶቹ ተቆጥተው፣ አንድ ጠያቂ ደግሞ አልበሙን በሙሉ ልብ ተከራክረውለት ጽፈዋል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን አልበም ከሰማሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌላ ሙዚቃ አላረካኝም ነበር። ሁለተኛውን በጉጉት ብከፍተው ግን ባንዱ የተቀየረ መሰለኝ። ድምፃዊውም ጊታሪስቱም ያው ሰዎች መሆናቸውን አንብቤአለሁ። ታዲያ ምን ነካቸው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው። ሰዎቹ ያው አራቱ ናቸው፦ ድምፃዊው ኢያን ብራውን፣ ጊታሪስቱ ጆን ስኳየር፣ ማኒ በሚለው ስም የሚታወቀው ቤዝ ተጫዋች ጋሪ ማውንፊልድ፣ ሬኒ እየተባለ የሚጠራው ድራመር አለን ሬን። የተለወጠው በአራቱ መካከል የነበረው የሥራ ድርሻ ሲሆን፣ በእኔ እምነት የአልበሙ ወጣ ገባነት ከምንም ነገር በላይ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያውን አልበም መክፈቻ፣ «አይ ዋና ቢ አዶርድ»ን መለስ ብለው ያድምጡት። ከሩቅ የሚመጣ ጉርምርምታ ጥቂት ከቆየ በኋላ ቀድሞ ጎልቶ የሚወጣው ጊታር ሳይሆን የማኒ ቤዝ ነው። ጊታሩ ቀስ ብሎ ከላዩ ይገባል፤ ድራሙ ይከተላል፤ ብራውን አፉን የሚከፍተው ዘፈኑ ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ የሚዘፍነውም ግጥም ከጥቂት ስንኞች አያልፍም። ማንም ከማንም ቦታ አይሻማም። መዝጊያው «አይ አም ዘ ሬዘሬክሽን» ደግሞ በድራም ብቻ ይጀምርና ግጥሙ ካለቀ በኋላ ከአራት ደቂቃ ለማያንስ ጊዜ ያለ ዘፋኝ ይቀጥላል፤ በዚያ ክፍል ጊታሩ ብቅ ጥልቅ ሲል ነገሩን ተሸክመው የሚሄዱት ቤዙና ድራሙ ናቸው። ሬኒ ድራመር ብቻ እንዳልነበረም ልብ ይሏል። ከብራውን ቀጭንና ለስላሳ ድምፅ በስተኋላ ከፍ ብሎ የሚሰማው የተቀባይ ድምፅ የእሱ ነው፤ «ሺ ባንግስ ዘ ድራምስ» ያለዚያ ድምፅ ያን ያህል ባልፈካ ነበር። የዘፈኖቹ ድርሰት በብራውንና በስኳየር የጋራ ስም የተመዘገበ ሲሆን፣ ፕሮዲዩሰሩ ጆን ሌኪ የእያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ ለብቻው ተለይቶ እንዲሰማ አድርጎ ነው የቀዳው።

ድፍረቱም ከዚያው መተማመን የመጣ ነበር። «ዋተርፎል» የተባለውን ዘፈን ቴፑን ወደኋላ እያጫወቱ ቀጣዩን «ዶንት ስቶፕ»ን ሠሩበት፤ ከአንድ ደቂቃ በማትበልጥ ዘፈን፣ በጥንታዊ የእንግሊዝ ሕዝባዊ ዜማ፣ ንግሥቲቱን ከዙፋኗ ሳላወርድ አላርፍም አሉ። የሽፋኑን ሥዕል የሣለው ስኳየር ራሱ ነው፤ በቀለም ርጭቱ ላይ የሚታዩት የሎሚ ቁራጮች በግንቦት 1968 የፓሪስ ተማሪዎች የአስለቃሽ ጢስን ማቃጠል ለመቋቋም ሎሚ ይይዙ እንደነበር የሚያስታውሱ ናቸው። አራት የማይታወቁ ወጣቶች በመጀመሪያ አልበማቸው ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ቦታ ላይ ሲወጣጠሩ አይሰሙም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች አብዛኞቹ የስኳየር ብቻ ድርሰቶች ናቸው። ብራውን ለብቻው የጻፈው «ስትሬት ቱ ዘ ማን»ን ብቻ ነው፤ «ቤጊንግ ዩ»ን ከስኳየር ጋር ጽፏል፤ አራቱም በደራሲነት የተመዘገቡበት አንድ ዘፈን «ዴይብሬክ» ነው። ስኳየር በእነዚያ ዓመታት የ1970ዎቹን ከባድ የብሉዝ ሮክ፣ በተለይም የሌድ ዘፔሊንን ጊታር አጥብቆ ያዳምጥ ነበር፤ ያዳመጠውንም ወደ ስቱዲዮ ይዞት ገባ። አንዱን የጊታር ቅጂ በሌላው ላይ እየደራረበ የቀረውን ቦታ ሁሉ ሞላው። «ድራይቪንግ ሳውዝ»ን ሲሰሙ አጨዋወቱ ጥበብ የሞላበት መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ያን ዓይነት ዘፈን ብዙ ሌሎች ባንዶችም ሊጫወቱት ይችሉ ነበር፣ «አይ አም ዘ ሬዘሬክሽን»ን ግን ከእነዚህ አራት ሰዎች በቀር ማንም ሊጫወተው አይችልም። ብራውንም ቢሆን ጮኾ የሚዘፍን ሰው አይደለም። ድምፁ የሚያምረው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው፤ በከባድ ጊታር ሥር ሲገባ ወይ ይዋጣል ወይ ያንጎራጉራል። የሬኒ የተቀባይነት ድምፅም እንደ ቀድሞው በየዘፈኑ አይገኝም። በአማርኛ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የምንለው ይህን ለመሰለው ነው፤ ስኳየር በእርግጥም ከቆጡ ጥሩ ነገር አውርዷል፣ ከብብት የወደቀው ግን አራት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲደማመጡ የሚፈጠረው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አልበሙ የዘገየው በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ነው ይባላል። እውነት ነው? መዘግየቱስ አበላሸው ወይ? (ሁለት አንባቢዎች፣ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ክፍል በከፊል እውነት ነው። ባንዱ በግንቦት 1990 ስፓይክ አይላንድ በተባለ ስፍራ 27 ሺህ ገደማ ሕዝብ በተገኘበት ኮንሰርት ካቀረበና በሐምሌ «ዋን ላቭ» የተሰኘው ነጠላ ዜማው በብሪታንያ የሙዚቃ ሠንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ከአሳታሚው ከሲልቨርቶን ለመውጣት ፈለገ። ሲልቨርቶን ባንዱ ለሌላ ኩባንያ እንዳይቀዳ በመስከረም ወር የእግድ ትእዛዝ አወጣበት። በግንቦት 1991 ፍርድ ቤቱ ውሉ ወደ አንድ ወገን ያደላና ተገቢ ያልሆነ ገደብ የሚጥል ነው ብሎ ለባንዱ ፈረደ፤ እነሱም ከአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ ከጌፈን ጋር ከፍተኛ ክፍያ ያለው ውል ተፈራረሙ። ውሉን ያላነበቡ ወጣቶች ጣጣ ብለው የሚያልፉት ይኖራሉ፤ እኔ ግን ገና ስም ያላወጣ ሙዚቀኛ የሚቀርብለትን ወረቀት ሁሉ እንዲፈርም የሚገደድበት አሠራር ተጠያቂ ነው ባይ ነኝ፤ የፍርዱም ትርጉም ይኸው ነበር።

ይሁንና ክርክሩ የሚያስረዳው እስከ 1991፣ ይግባኙንም ብንጨምር እስከ ቀጣዩ ዓመት ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። የቀሩትን ዓመታት ማስረዳት አይችልም። በዚያ ጊዜ ገንዘብ መጣ፤ ሁሉም በየራሱ ኑሮ ተጠመደ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አብሮ የመጫወቱ ልማድ ላላ። መጀመሪያውን የሠራው ጆን ሌኪ በዝግታው ተሰላችቶ ሥራውን ትቶ ሄደ፤ ፖል ሽሮደርና ሳይመን ዶውሰን ተተኩ፤ በዌልስ በሚገኘው ሮክፊልድ ስቱዲዮ ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ተሠራ። ጊዜ በራሱ አልበም አያበላሽም። የሚያበላሸው እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ክፍል በተለያየ ሰዓት እየገባ ሲቀዳ፣ በየቀኑም የትናንቱን እያፈረሰ ሲጀምር ነው። የአልበሙን ምርጥ ሰዓትና ደካማ ሰዓት እያነጻጸሩ ቢያዳምጡ ልዩነቱ ይታወቅዎታል፦ «ዴይብሬክ» ላይ አራቱ አብረው ሲተነፍሱ ይሰማል፣ «ጉድ ታይምስ» ላይ ግን ጊታሩ ብቻውን ሲሮጥ ሌሎቹ ይከተላሉ።

መዘግየቱ የጎዳው በሌላ መንገድ ነው። በ1989 የጊታር ሙዚቃንና የዳንስ ምትን ያገናኘ ባንድ ብርቅ ነበር፤ በ1994 መጨረሻ ግን ኒርቫና መጥቶ አልፎ ነበር፣ ብለር ገንኖ ነበር፣ ከዚያው ከማንቸስተር የተነሣው ኦኤሲስም የመጀመሪያ አልበሙን በነሐሴ አውጥቶ አገሩን በእጁ አስገብቶ ነበር። የኦኤሲሱ ድምፃዊ ሊያም ጋላገር ዘፋኝ ለመሆን የቆረጠው ስቶን ሮዝስን መድረክ ላይ ካየ በኋላ እንደሆነ ደጋግሞ የተናገረ ሰው መሆኑን ስናስብ፣ ባንዱ የተመለሰው እሱ ራሱ ወዳፈራው ትውልድ መሐል ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ አልበሙን ዳግም ምጽአት ብሎ መሰየም የጠባቂውን ጉጉት ጨመረው እንጂ አላበረደውም። ከአልበሙ ጋር ተያይዞ የሰጡትን የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅም ለታላላቆቹ የሙዚቃ መጽሔቶች ሳይሆን፣ ቤት የሌላቸው ሰዎች እየሸጡ ለሚተዳደሩበት ለቢግ ኢሹ ሰጡት። እኔ ይህን ተግባራቸውን ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ለዓመታት ሲጠባበቁ የነበሩትን ጋዜጠኞች ግን አላስደሰተም። አልበሙ በሠንጠረዡ አራተኛ ሆኖ ገባ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ሲዲ መጀመሪያው ላይ ለብዙ ደቂቃ ዘፈን የለበትም፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ባዶ ትራኮች ይከታተላሉ። ተበላሽቶ ይሆን? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተበላሸም። መክፈቻው «ብሬኪንግ ኢንቱ ሄቨን» ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ የውኃና የዱር ድምፅ፣ ከሩቅ የሚያቃስት ጊታርና ቀስ በቀስ የሚቀርብ ድራም ናቸው። ብዙዎች ይህን መግቢያ በትዕቢት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ከአልበሙ ጠንካራ ክፍሎች አንዱ ነው እላለሁ፤ የሬኒ እጅ ሳይቸኩል ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ነውና። መጨረሻ ላይ ያሉት ባዶ ትራኮች ግን ቁምነገር የላቸውም። ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ያሉትን እያለፉ ዘጠናኛው ትራክ ላይ ሲደርሱ የተደበቀ የመሣሪያ ጫጫታ ያገኛሉ፤ ካልሰሙትም የቀረብዎ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት የኖርኩ አንባቢያችሁ ነኝ። ሰው ሁሉ ይህን አልበም የሚያጣጥለው ስለዘገየና ከመጀመሪያው ጋር ስለሚያነጻጽረው ነው እንጂ፣ ሌላ ስም ያልነበረው ባንድ ቢያወጣው ኖሮ ይደነቅ ነበር። እናንተም በጅምላ ከሚፈርዱት እንዳትሆኑ አደራ። (አንባቢ፣ ከለንደን)

መልስ፦ አደራዎን ተቀብለናል፤ በግማሹም እንስማማለን። «ላቭ ስፕሬድስ»ን የሰማ ሰው አልበሙ ወድቋል ሊል አይችልም። በሚያንሸራትት የጊታር ምት ይከፈታል፣ ድራሙ ከሥሩ ይገባል፣ ብራውንም በዚህ ጊዜ ከጊታሩ ጋር ሳይታገል በላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይዘፍናል። በመስቀል ላይ የተሰቀለውን አዳኝ ጥቁር ሴት አድርጎ የሚያቀርበው ግጥም አማኝ አንባቢዎቻችንን ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሆኖም በመጀመሪያው አልበም ያየነው ድፍረት ሳይጠፋ የቆየው እዚህ ነው። አልበሙ ሊወጣ ሲል በኅዳር 1994 በነጠላ ዜማነት ቀድሞ ወጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። «ቴን ስቶሪ ላቭ ሶንግ» ደግሞ ከጫጫታ መሐል ብቅ ሲል የመጀመሪያውን አልበም ዜማ የናፈቀ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። «ቤጊንግ ዩ» በተደጋጋሚ በሚሽከረከር ድምፅና በከባድ የዳንስ ምት የተሠራ ነው። በ1989 መጨረሻ ባወጡት፣ አሥር ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት በቀረው «ፉልስ ጎልድ» የጀመሩትን መንገድ ወደፊት የሚያስኬደው በአልበሙ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። ባንዱ በዚያ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ያስቆጫል። «ሃው ዱ ዩ ስሊፕ»ም ከጣፋጭ ዜማው በስተኋላ የደበቀው ግጥም ጨካኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይታለፋል እንጂ ሊሰማ የሚገባው ነው።

የማንስማማው በሌላው ግማሽ ነው። ስም ያልነበረው ባንድ ቢያወጣው ይደነቅ ነበር ያሉት «ላቭ ስፕሬድስ»ን ይመለከት ይሆናል፤ «ቲርስ»ን ግን አይመለከትም። በለስላሳ ጊታር ተጀምሮ ወደ ጩኸት የሚያድግ ሰባት ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ነው፤ የሚቀጥለው ክፍል ምን እንደሚሆን ቀድሞ ይታወቃል፤ ሲደርስም እንደታወቀው ይሆናል። ከ«ጉድ ታይምስ» ቀጥሎ መምጣቱ ደግሞ ክብደቱን አበዛው፤ ከአልበሙ አጋማሽ በኋላ ብዙ አድማጭ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። «ታይትሮፕ» እና «ዩር ስታር ዊል ሻይን» የተባሉት ሁለቱ በአብዛኛው ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተሠሩ ዘፈኖች ደስ ይላሉ፤ በመካከላቸውም ጊታሩ ሲቀንስ የብራውን ድምፅ ወዲያው እንደሚያገግም ያስተውላሉ። ችግሩ የአድማጭ ጭፍን ፍርድ ቢሆን ኖሮ በአንድ አልበም ውስጥ ከዘፈን ዘፈን ይህን ያህል አይለያይም ነበር።

አዲስ ለሚጀምር አድማጭ ምክራችን የሲዲውን ቅደም ተከተል ትቶ በ«ላቭ ስፕሬድስ» እንዲጀምር፣ ከዚያ «ቴን ስቶሪ ላቭ ሶንግ»፣ «ዴይብሬክ»፣ «ቤጊንግ ዩ» እና «ሃው ዱ ዩ ስሊፕ» ላይ እንዲቆይ፣ «ብሬኪንግ ኢንቱ ሄቨን»ን ደግሞ ጊዜ ሲኖረው ጮክ አድርጎ እንዲሰማ ነው። ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሆን ጥሩ ሙዚቃ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ? ሦስተኛ አልበም አላቸው? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሦስተኛ አልበም የላቸውም። ሬኒ በ1995 መጀመሪያ ላይ ወጣ፤ ሮቢ ማዲክስ ተተካ። በዚያው ዓመት በግላስተንበሪ ፌስቲቫል የዋናውን መድረክ መዝጊያ እንዲያቀርቡ ተይዞላቸው ሳለ ስኳየር ካሊፎርኒያ ውስጥ ከብስክሌት ወድቆ የትከሻው አጥንት ስለተሰበረ ቦታውን ፐልፕ ለተባለው ባንድ ለቀቁ። በ1996 ጸደይ ስኳየርም ወጣ፤ በነሐሴ በሬዲንግ ፌስቲቫል ያለ እሱ ያቀረቡት ሥራ ክፉኛ ተተቸ፤ በጥቅምት ባንዱ ፈረሰ። ስለዚህ አልበሙን የሚያደክመው መላላት ከስቱዲዮው ውጭም ቀጥሎ ነበር ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የሄደው ደግሞ ድምፁና እጁ በአልበሙ ውስጥ እያነሰ የመጣው ሬኒ መሆኑ አያስገርምም።

አራቱ እንደገና መሰባሰባቸውን በጥቅምት 2011 አስታወቁ፤ በሰኔ 2012 መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ በማንቸስተር ሂተን ፓርክ ለሦስት ምሽቶች ሲጫወቱ በጠቅላላው ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ተገኘ። በ2016 ሁለት ነጠላ ዜማዎች አውጥተው በቀጣዩ ዓመት መድረኩን ተሰናበቱ። ለንደን ላሉት አንባቢያችን ይህን እንጨምርላቸው፦ በሂተን ፓርክ የመጀመሪያውን አልበም ከሞላ ጎደል በሙሉ ሲጫወቱት፣ ከሁለተኛው የመረጡት ግን «ቴን ስቶሪ ላቭ ሶንግ»ን እና «ላቭ ስፕሬድስ»ን ብቻ ነበር። ምርጫቸው ተገቢ ነው፤ አራቱም አብረው የጻፉት «ዴይብሬክ» ግን ሦስተኛ ሆኖ መጨመር ይገባው ነበር።